ሶር ፏፏቴ በክረምት፦ አባቴንና ልጆችን ይዤ ገደሉ ውስጥ ልውረድ?

የቆጪዋ

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከጅማ ነው። ሶርን የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ በዝርዝር መልሱልኝ።

ወንድሜ በነሐሴ መጨረሻ ሁለት ልጆቹን ይዞ ከውጭ ይመጣል። እንቁጣጣሽን ከእኛ ጋር ውሎ በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ይመለሳል። ልጆቹ የአሥራ አንድና የሰባት ዓመት ናቸው። እዚሁ ጅማ የማሳያቸው አላጣሁም። ጂሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እናያለን። ቦዬ ሄደን ጉማሬ እስኪወጣ እንጠብቃለን። ሐሙስ ደግሞ ሂርማታ ገበያ አለ። አባቴ ግን አንድ ሐሳብ ይዟል፤ ከያዘው ደግሞ አይለቅም። ለልጅ ልጆቹ መቱ አጠገብ ያለውን ሶር ፏፏቴን ማሳየት ይፈልጋል።

አባቴ በወጣትነቱ ጎሬ አስተማሪ ነበር። ያኔ ጎሬ የኢሉባቡር ዋና ከተማ ነበረች። ሶርን ያየው በዚያ ዘመን ነው። ስለ ፏፏቴው ሲያወራ ድምፁ ራሱ ይለወጣል። ጫካውን፣ ድምፁ ከሩቅ መሰማት የሚጀምርበትን ቦታ፣ ልብስ የሚያረጥበውን ርጭት ሁሉ ያስታውሳል። አሁን ዕድሜው ከሰባ አልፏል። ዳገት ብዙም አይከብደውም፤ ቁልቁለት ግን ጉልበቱን ያመዋል። ቢሆንም "ታች ወርደን ከሥሩ ቆመን ካላየነው አየነው አይባልም" ይላል።

እኔ የምፈራው ወቅቱን ነው። የሥራ ባልደረባዬ "ፏፏቴ ክረምት ላይ ካላየሽው ምኑን አየሽው" አለችኝ። ጎረቤታችን ደግሞ "በነሐሴ ልጅ ይዘሽ ገደል ትወርጃለሽ?" ብሎ ደነገጠ። ማንን ልስማ? ውሃው በዚያ ሰሞን እንዴት ነው? ወደ ታች የሚያስወርደው መንገድ ለሽማግሌና ለልጅ ይሆናል? ልጆቹ ዋና ይችላሉ፤ ግን የለመዱት የመዋኛ ገንዳ ነው። ታላቅየው ከአሁኑ "ፏፏቴው ሥር እዋኛለሁ" ብሎ በስልክ ነግሮኛል። የመኪና መንገዱንም ንገሩኝ። እኔ ከአጋሮ አልፌ አላውቅም።

አባቴን ማሳዘን አልፈልግም። ልጆቹን አደጋ ላይ መጣልም አልፈልግም። ለዚህ ነው የጠየቅኳችሁ።

የመቱ መስመር

እህቴ፣ እኔ በዚህ መስመር ሹፌር ነኝ። ስለ መንገዱ ልንገርሽ፤ ስለ ውሃው የሚያውቁ ይመልሱልሻል።

ከጅማ መቱ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። አጋሮን ታልፊያለሽ፣ ቀጥሎ ወደ ደዴሳ ወንዝ ትወርጃለሽ፣ ድልድዩን ተሻግረሽ ወደ በደሌ ትወጫለሽ። ከበደሌ ወደ ግራ ታጥፈሽ በያዩና በሁሩሙ በኩል መቱ ትገቢያለሽ። በካርታ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል። ግን ጠመዝማዛ ነው፣ ዝናብ አለ፣ ጉም አለ፣ መንገድ ላይ የሚተኛ ከብት አለ። ቢያንስ ግማሽ ቀን ያዢለት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብትነሱ ምሳችሁን በደሌ ወይም መቱ ትበላላችሁ። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን እናደርገዋለን የሚልሽ ካለ አትስሚው። ልጆቹም ይንገላታሉ፣ አባትሽም። መቱ እደሩና በማግስቱ ጠዋት ወደ ፏፏቴው ሂዱ።

ፏፏቴው በበቻኖ በኩል ነው፤ ከመቱ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እሱ አስፋልት አይደለም። በበጋ ማንኛውም መኪና ይገባል። በክረምት ጭቃው ያስቸግራል። ትንሽ የቤት መኪና ይዛችሁ እንዳትሞክሩት። ከፍ ያለ መኪና ይሁን፣ ጎማው ያላለቀ ይሁን፣ ሹፌሩም ጭቃ የሚያውቅ ይሁን። የመጨረሻው ክፍል በእግር ነው፤ ጫካ ውስጥ ይኬዳል።

በደሌና መቱ መካከል ስታልፉ ግራ ቀኙን እዩ። ያዩ ላይ ቡና በተፈጥሮ የሚበቅልበት ጫካ አለ፤ ዩኔስኮ በ2010 በፈረንጆቹ ከመዘገባቸው ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ከውጭ የመጡ ልጆች ቡና ከጫካ ዛፍ ሥር ተነሥቶ ሲያድግ ቢያዩ ጥሩ ነው። መኪና ማቆም የሚያስቸግር ቦታ ላይ ግን አትቁሙ፤ ኩርባው ላይ ከባድ መኪና ይመጣል።

አንድ ነገር አደራ። ከመነሣታችሁ አንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ያን ቀን ከመቱ የገባ ሹፌር የነገረሽን እመኚ። መንገዱ ሰላም አይደለም ካለሽ ጉዞው ይቆይ።

ውሃ ለኪው

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ወንዝ ስለካ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ጅማ እኖራለሁ። ድልድይ አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ውሃ ውስጥ ቆሞ አይተሽ ይሆናል። እሱን ጠዋትና ማታ የሚያነብ ሰው አለ። እኔ ደግሞ እየዞርኩ ፍሰቱን እለካ ነበር። ስለ ሶር ውበት ሌሎች ይንገሩሽ፤ እኔ ጠባብ ገደል ውስጥ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ።

አንድ ወንዝ በሰከንድ የሚያሳልፈው ውሃ ስፋቱ በጥልቀቱ፣ ያ ደግሞ በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ሜዳ ላይ ዝናብ ሲበዛ ወንዙ ወደ ጎን ይለቀቃል። አዌቱን ታውቂዋለሽ፤ ሲሞላ ዳርና ዳሩን ይበላል፣ ሰው ግቢ ይገባል። ገደል ውስጥ ግን ወደ ጎን መሄጃ የለም። ግራም ቀኝም ድንጋይ ነው። የመጣው ውሃ ሁሉ ወይ ከፍ ይላል ወይ ይፈጥናል። ሁለቱንም ያደርጋል። ሜዳው ላይ ጥቂት የጨመረ የመሰለ ውሃ ጠባቡ ቦታ ሲደርስ ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል።

ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ዓባይ ክረምት ላይ 400 ሜትር ያህል ሰፍቶ ይወድቃል። ትንሽ ወረድ ሲሉ ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። ያ ሁሉ ውሃ በዚያች ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ስፋቱ የት ሄደ? ወደ ጥልቀትና ወደ ፍጥነት ተለወጠ። ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው እዚያ ውስጥ እግሩን ማስገባት አይመኝም። የሶር ገደል ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የውሃው ግፊት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ዋና የሚችል ጎልማሳ ጉልበቱ ድረስ ብቻ በሚደርስ ውሃ የሚወሰደው። አንድ ጊዜ ከወደቀ በኋላ መነሣት የለም። ታችኛው ድንጋይ ደግሞ ያሟልጫል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ገደል ውስጥ ሆነሽ ቀና ስትዪ የምታዪው ሰማይ ጠባብ ነው። እላይሽ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ወንዙ የሚነሣበት አገር ግን እየዘነበ ይሆናል። ውሃው የሚመጣው ከዚያ ነው። "እዚህ አልዘነበም" የሚለው ቃል ብዙ ሰው አታሏል። ደራሽ ውሃ ሲመጣ በድምፁ አውቀዋለሁ ማለትም አይቻልም፤ ፏፏቴው ራሱ እያገሣ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ሦስት እርምጃ የራቀሽን ሰው ጠርተሽ አይሰማሽም። ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት በእጅ ምልክት ተስማሙ። ክንድ ከፍ ሲል ሁሉም፣ ያለ ጥያቄ፣ የያዘውን ጥሎም ቢሆን ወደ ላይ ይውጣ።

ዓይን የሚያየው ምልክት ግን አለ። ጥርት ያለው ውሃ ወደ ቀይ ወይም ወደ ቡኒ መለወጥ ሲጀምር፣ ቅጠልና ጭራሮ፣ ቀጥሎም ቅርንጫፍ ተንሳፍፎ ሲመጣ፣ አሁን ደረቅ የነበረ ድንጋይ ሲረጥብ። እኔ ወንዝ ዳር ስቀመጥ ሁልጊዜ የማደርገው አለ። ውሃው ጫፍ ላይ ነጭ ድንጋይ አስቀምጣለሁ። ዞር ብዬ ስመለስ ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ከገባ ዕቃዬን ሰብስቤ እወጣለሁ። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ልጆቹም ሊያደርጉት ይችላሉ። ለትንሹ ልጅ ይህን ሥራ ስጪው፤ ኃላፊነት ሲሰጠው ይጠነቀቃል።

ሌላም አለ። ታች ስትወርጂ ወደ ውሃው ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ግድግዳውና ወደ ዛፎቹ ተመልከቺ። ቅርንጫፍ ላይ የተሰካ ደረቅ ሣር፣ የተጠላለፈ ጭራሮ፣ የደረቀ ጭቃ ታያለሽ። ያ ውሃው የደረሰበት ከፍታ ነው። ከራስሽ በላይ ከሆነ የቆምሽው ወንዙ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ዛሬ ባይኖርም። እኛ የጎርፍ ከፍታ የምንለካው በዚሁ ምልክት ነበር።

ስለ ዋናው ደግሞ፦ ከፏፏቴ ሥር ያለው ውሃ እንደ ገንዳ ውሃ አይደለም። የሚወድቀው ውሃ አየር ይዞ ስለሚገባ ነጭ አረፋ ይሆናል። አየር የበዛበት ውሃ ደግሞ ሰውነትን እንደ ልብ አይሸከምም። ጎበዝ ዋናተኛም ይሰምጣል። በዚያ ላይ የሚወድቀው ውሃ ታች ሄዶ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሰውን ወደ ፏፏቴው መልሶ ይጎትታል። ከላይ ድንጋይና ግንድም ይወርዳል። እባክሽ ለልጁ ከአሁኑ በስልክ "አይሆንም" በዪው። እዚያ ሲደርስ መከልከል ከባድ ነው።

ገደሉ ራሱ እንዴት እንደተሠራ ብትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል። ይህ አገራችን በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተነጠፈ ነው። ቅላጩ አንድ ጊዜ ብቻ አልፈሰሰም፤ ንጣፍ በንጣፍ ነው። በንጣፎቹ መካከል ለስላሳ አመድና አፈር አለ። ፏፏቴ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ጠንካራው ድንጋይ ከላይ፣ ለስላሳው ከታች ሲሆን ነው። ውሃው ታችኛውን ይቦረቡራል፣ ላይኛው ድጋፍ ሲያጣ ተገምሶ ይወድቃል። ፏፏቴው በዚህ መንገድ እየተሸረሸረ ወደ ኋላ ይሄዳል። ትቶት የሄደው ጠባብ ገደል ያለፈበት መንገድ ነው። ታች የተከመረው ትልልቅ ድንጋይ ያ የተገመሰው ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ከግድግዳው ሥር ተጠግቶ መቀመጥ ለምን ጥሩ እንዳልሆነ ራሱ ይገባዋል፤ ከዝናብ በኋላ ድንጋይ ይለቃል።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ሂዱ፤ ግን ገደሉ ውስጥ አትውረዱ። ከላይ እዩት። አባትሽን ደግሞ እኔ በዕድሜ ስለምቀርበው ልጠይቀው፤ ለልጆቹ ሲል ከላይ ይየው።

የበቻኖ ልጅ

ሰላም እህታችን። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚያው አካባቢ ነው፤ አሁን ጅማ እማራለሁ። ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኛም ቤት ውስጥ "ሲደፈርስ ውጣ" ተብለን ነው ያደግነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ክረምት ላይ ታች ብትወርዱ እንኳ የምታዩት ብዙ አይደለም። ውሃው ሲበዛ ርጭቱ ጉም ሆኖ ገደሉን ይሞላዋል። ዓይን መግለጥ ያስቸግራል፣ ስልክ ይረጥባል፣ ፎቶው ነጭ ብቻ ይሆናል። ከላይ፣ ከፊት ለፊት ሲታይ ነው ሙሉው የሚታየው። 20 ሜትር ገደማ ከሰፊ የድንጋይ ጠርዝ ላይ በአንድ ጊዜ ሲወርድ፣ ዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሆኖ። ባልደረባሽ "ክረምት ላይ ካላየሽው" ያለችሽ ለዚህ ይሆናል። ከላይ ለሚያይ እውነቷን ነው።

ታች ወርዶ መቆም ለሚፈልግ ወቅቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። የእኛ አገር ዝናብ ረጅም ነው። ከመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይሄዳል። ኅዳር ላይ ጫካው ገና አረንጓዴ ነው፣ ወንዙ አልቀነሰም፣ ውሃው ግን ጠርቷል። ቡናውም የሚለቀመው በዚያ ሰሞን ነው፤ ቀይ ቡና በየደጁ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ታያላችሁ። ወንድምሽ ሌላ ጊዜ ሲመጣ በኅዳር ይምጣ።

ስለ መንገዱ፦ የጫካው መንገድ ቁልቁለት ነው፣ ሥር የበዛበት ነው። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል። አገሬው ቦቲ ነው የሚያደርገው። ስኒከር ይዛችሁ አትምጡ፤ ቦቲ ጅማ መርካቶ ታገኛላችሁ፣ ለልጆቹም ጭምር። ለአባትሽ ረዘም ያለ ዱላ ያዙ። ከዘራ ለጭቃ ያጥራል። ሱሪያችሁ ረጅም ይሁን፤ ሳማ አለ። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱት፤ መዥገር አይገባም።

ከአካባቢው ሰው ጋር ሂዱ። ብቻችሁን አትግቡ። በቻኖ ስትደርሱ መንገድ የሚያሳዩ ወጣቶች አሉ። ክፍያውን ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ከተስማማችሁ በኋላ ደግሞ አትከራከሩ። ያ ልጅ የትኛው ድንጋይ እንደሚያንሸራትት ያውቃል፣ ትላንት ማታ ከላይ መዝነቡንም ያውቃል። "ዛሬ ከዚህ በላይ አንሄድም" ካለ አትጫኑት። ከሩቅ መጥተናል፣ ገንዘብ ከፍለናል እያለ የሚጫን እንግዳ አለ፤ ልጁ ደግሞ እንግዳ ማሳፈር አይወድም። እናንተ ቀድማችሁ "አንተ ያልከው ይሁን" በሉት።

ጫካው ውስጥ ቀና ብላችሁ እዩ። ዛፍ ላይ ረጅም ክብ ነገር ተሰቅሎ ታያላችሁ። ቀፎ ነው። የእኛ አገር ሰው በማር ይኖራል። ልጆቹ ድንጋይ እንዳይወረውሩበት፣ ዛፉንም እንዳይነቀንቁ። ንብ ከተቆጣ በዚያ ጠባብ መንገድ መሮጫ የለም። ጉሬዛም ታያላችሁ፤ ጥቁርና ነጭ ረጅም ጭራ ያለው። ዝም ካላችሁ አይሸሽም። ልጆቹ ከፏፏቴው ይልቅ እሱን ሊወዱት ይችላሉ።

መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው "አካም ጅርታ" ብላችሁ ሰላም በሉ። ለልጆቹ አስተምሪያቸው። ሽማግሌ ሲያልፍ ቁሙለት። ቡና ከተጠራችሁ ጊዜ ካላችሁ ግቡ። አባትሽ ጎሬ ያስተማረ ሰው ከሆነ ደግሞ እርግጠኛ ነኝ፣ እዚያ "የማን ተማሪ ነህ" እየተባባለ ሲያወራ ይመሽበታል።

የቆጪዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ጋሼ፣ የጻፉትን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚሰካው ሣር ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ። "እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር" አለ። ከላይ ለማየት ተስማምቷል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። በቀን ውስጥ የትኛው ሰዓት ይሻላል? ከላይስ ስንቆም ምን እንጠንቀቅ? ሰው ከታች ብቻ ነው አደጋ ያለ የሚመስለው፤ እኔ ግን ጠርዝ ላይ ሁለት ልጆች ሳስብ ሆዴ ይፈራል።

ውሃ ለኪው

ልጄ፣ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ፏፏቴ ጫፍ ላይ ተንሸራትቶ መውደቅ አንዱ ትልቁ አደጋ ነው። ከላይ ማለት የውሃው አፍ ላይ ማለት እንዳይመስልሽ። ውሃው ከሚወድቅበት ጠርዝ አጠገብ ያለው ድንጋይ ሁሌ እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል፣ ደረቅ መስሎም ያንሸራትታል። ከጠርዙ በላይ ያለው ወንዝ ደግሞ ጸጥ ያለ ይመስላል። እዚያ እግር ለመታጠብ የሚገባ ሰው አለ። አይገባም። የሚወስደው ያ ጸጥ ያለው ነው።

እናንተ የምትቆሙት ፊት ለፊት፣ ዛፍ ያለበት፣ አፈሩ የጠነከረ ቦታ ይሁን። ልጆቹ ከዛፉ ወዲህ ይቁሙ። አንድ ልጅ፣ አንድ ትልቅ ሰው፣ እጅ ለእጅ። ሁለቱን አንድ ሰው አይያዝ። ፎቶ የሚያነሣው ልጅ የማይዘው ሰው ይሁን። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ወደ ኋላ ሲራመድ እግሩን አያይም፤ ስለዚህ ቆሞ ያንሣ፣ ከዚያ ይራመድ።

ስለ ሰዓቱ፣ በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ከመቱ ተነሡ፤ ከቀትር በፊት ጫካውን ጨርሳችሁ መኪናችሁ ጋ ሁኑ። ማታ ከባድ ዝናብ ከጣለ ግን ጠዋትም ወንዙ ይሞላል፤ ያን ቀን መንገዱም ጭቃ ነው። ከተቻለ መቱ ሁለት ሌሊት ያዙ። አንድ ቀን ትርፍ ያለው ሰው አይቸኩልም፤ ወንዝ ዳር የሚጎዳው የሚቸኩለው ነው። ፀሐይ ከወጣች ደግሞ ርጭቱ ላይ ቀስተ ደመና ታያላችሁ። ፀሐይዋን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ፈልጉት።

የሌሊት ተረኛ

እኔ ነርስ ነኝ፤ ስለ ልጆቹና ስለ አባትሽ ትንሽ ልበል።

ልጆች ርጭት ላይ ሲቆሙ ይረጥባሉ፣ ከዚያ ጫካው ጥላ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳቸዋል። ቅያሪ ልብስ መኪና ውስጥ አትተዪ፤ በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢው። የትንሹ ከንፈር ከገረጣና መንቀጥቀጥ ከጀመረ እርጥቡን አውልቀሽ ደረቅ አልብሺው፣ የሚጣፍጥ ነገር አብዪው፣ ተመለሱ። ለስንቅ ጭኮና ብርቱካን ይበቃል። የወንዙን ውሃ እንዳይጠጡ። ጥርት ብሎ ቢታይም ከላይ ከብት ይጠጣበታል፤ ትንንሽ አልቅት አፍና አፍንጫ ውስጥ ሊገባም ይችላል።

አባትሽ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሰዓቱን በጉዞ ምክንያት እንዳያሳልፍ። መድኃኒቱ በእጁ ቦርሳ ይሁን። ጉልበቱን ለማሳረፍ ቁልቁለቱን በአጭር በአጭር እርምጃ ይውረድ፣ ዱላውን ከፊቱ አስቀድሞ ይትከል። ከኋላው ሳይሆን ከፊቱ አንድ ሰው ይቅደም። ሲመለሱ ማታ እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ። ፋሻና የቁስል ማጽጃም ያዢ። ጫካው ውስጥ ስልክ ላይሠራ ይችላል ብለሽ ተዘጋጂ፤ የት እንደሄዳችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ መቱ ያረፋችሁበት ቤት ለአንድ ሰው ንገሪ።

የቆጪዋ

ሁሉንም ጻፍኩት። መቱ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ለታላቁ ልጅ ትላንት ደወልኩለት፤ አየር የበዛበት ውሃ ሰው እንደማይሸከም ስነግረው "ለምን?" ብሎ ግማሽ ሰዓት አቆየኝ፤ ዋናውን ረሳው። ለትንሹ የድንጋይ ጠባቂ ሥራ ሰጥቼዋለሁ፤ ከላይ ስለምናይ ግን ምን ይጠብቃል? ሌላ ሥራ ካላችሁ ንገሩኝ። ወንድሜ፣ የመቱ መስመር፣ በዚያ ሰሞን አንተ ትወስደናለህ?

የበቻኖ ልጅ

ለትንሹ የውሃውን ቀለም ስጪው። ስትደርሱ ምን ቀለም ነበር፣ ስትመለሱስ? ከላይም በደንብ ይታያል። ከተለወጠ ለመንገድ መሪው ይንገረው።

የመቱ መስመር

እህቴ፣ እኔ የምይዘው ቅጥቅጥ ነው፤ ለበቻኖ ጭቃ አይሆንም። ከጅማ እስከ መቱ ግን ደስ እያለኝ። ለአባትሽ የፊቱን ወንበር እይዛለሁ፤ ለጉልበቱ ይሻለዋል። ከመቱ ወደ ውስጥ የሚያስገባችሁ ላንድክሩዘር ያለው ጓደኛ አለኝ፣ መንገዱን በደንብ ያውቃል። ነሐሴ ሃያዎቹ ላይ መናኸሪያ ብቅ በዪና ቀኑን እንቁረጥ። ከእንቁጣጣሽ በፊት ያሉት ቀናት ሰው ስለሚበዛ ቦታ ያልቃል፤ አትዘግዪ።